ላዚክሱ ያሸናል፤ እብጠቱ ለምን ይመለሳል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ኩላሊት ጨውና ውኃን ስለሚይዝበት መንገድና በዚያ ላይ ስለሚሠሩ መድኃኒቶች የተጻፉትን መርጠናል። መልሱን ያዘጋጁት የዓምዱ ሐኪሞችና የፋርማሲ ባለሙያዎች ናቸው። የምንጠቅሳቸው መጠኖች ነገሩን ለመረዳት ይጠቅማሉ እንጂ፣ የራስዎን መድኃኒት የሚጨምረውና የሚቀንሰው የሚከታተልዎ ሐኪም ነው።

ከአዘዞ፦ የልብ ቫልቭ ሕመም አለብኝ። ላዚክስ 40 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት አምስት ስድስት ጊዜ ያሸናኛል፤ ማታ ግን እግሬ ያው እንዳበጠ ነው። ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶት ነው? ወይስ የተሸጠልኝ ደካማ ነው?

መልስ፦ ደካማ ቢሆን ኖሮ አምስት ስድስት ጊዜ አያስነሣዎትም ነበር። ችግሩ ያለው ሽንቱ ጋብ ካለ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው።

ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ በውስጡ ወደ 1.5 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጨው አለ። ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። የቀረው በሙሉ በቀጫጭኖቹ የኩላሊት ቱቦዎች ግድግዳ በኩል ወደ ደም ይመለሳል። ከጨው ሁለት ሦስተኛው ገደማ በቱቦው መጀመሪያ ላይ፣ ሩቡ የሄንሌ ቀለበት በሚባለው ክፍል ወደ ላይ በሚወጣው ወፍራም ክንድ፣ ከ5 እስከ 8 በመቶው ከዚያ በሚቀጥለው አጭር ክፍል፣ የቀረው ጥቂት ደግሞ በመጨረሻው ሰብሳቢ ቱቦ ይመለሳል። ላዚክስ (ፍሮሴማይድ) የሚዘጋው ያንን ሩብ የሚመልሰውን በር ነው። ጉልበቱ የመጣው ከዚህ ነው።

በአፍ የተወሰደ ላዚክስ ግን ሥራው ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የዋጡት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አልቋል። በዚያን ጊዜ ሰውነት ጨው እንደጎደለበት አውቋል። ኩላሊት ሬኒን ይለቅቃል፤ ሬኒን አንጂዮቴንሲንን ያስከትላል፤ አንጂዮቴንሲን ደግሞ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠችው አድሬናል ዕጢ አልዶስቴሮንን ያስወጣል። አልዶስቴሮን በሰብሳቢው ቱቦ ላይ የጨው መመለሻዎችን ያበዛል። ስለዚህ በቀሩት 18 ሰዓታት የሚበሉትን ጨው ኩላሊት አንድም ሳያስመልጥ ይይዘዋል። ምሳና እራትዎ ጨዋማ ከሆነ ጠዋት የወጣው ሁሉ እስከ ንጋት ተመልሶ ይገባል፤ ሽንቱ በዝቶ እብጠቱ የማይጎድለውም ለዚህ ነው። ላዚክስ እየወሰዱ ጨው አለመቀነስ ሕመምተኛውን መጸዳጃ ቤት ከማመላለስ በቀር ብዙ ጥቅም የለውም፤ ይህን ሳናለሳልስ መናገር እንፈልጋለን።

የቀን ጨው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ ይህ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው የሚታየው ጨው ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል፤ አዋዜው፣ ሚጥሚጣውና ቋንጣውም እንዲሁ፤ ከዚያ ወጡ ሲወርድ እንደገና ይጨመራል። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ በርበሬዎን ያለ ጨው ለብቻ ያስደልዙ፤ ወጡ ያለ ጨው ይሠራና የእርስዎ ድርሻ ቀድሞ ይውጣ፤ ለሌላው ቤተሰብ ከዚያ በኋላ ይጨመር። ለእርስዎ ጠዋት አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በትንሽ ዕቃ ይለካ፤ ቀኑን ሙሉ የሚጨምሩት ከዚያ ብቻ ይሁን፤ ሳያልቅ ቢመሽ መልካም ነው። ዳቦ የሚበሉ ከሆነ ልኩን በግማሽ ይቀንሱ።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ብዙ ሐኪሞች መድኃኒቱን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የሚያዝዙት ያንን ክፍት ጊዜ ለማጥበብ ነው። ሁለተኛውን ማታ መውሰድ እንቅልፍ ከማሳጣት በቀር ጥቅም የለውም። በባዶ ሆድ ይዋጥ፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል።

ሦስተኛው፣ ላዚክስ የሚሠራበት ደፍ አለው። መጠኑ ከደፉ በታች ከሆነ ምንም አይሠራም፤ ስለዚህ 20 ሚሊ ግራም ሁለት ጊዜ ወስዶ ያልሸና ሰው 40 በአንድ ጊዜ ሲወስድ ሊሸና ይችላል። ኪኒኑን ከዋጡ በ2 ሰዓት ውስጥ የሽንትዎ መጠን ካልጨመረ ለሐኪሙ የሚነገረው ይህ ነው። ሆድ ሲነፋና የአንጀት ግድግዳ ሲያብጥ ኪኒኑ በዝግታ ስለሚመጠጥ ደፉን ሳያልፍ ይቀራል፤ ቤት ያልሠራው መድኃኒት ሆስፒታል በደም ሥር ሲሰጥ የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ለምዶት ነው?» ላሉት፣ ከወራት በኋላ እውነትነት አለው። ላዚክስ የሚያሳልፈው ብዙ ጨው ዕለት ዕለት የሚደርሰው ቀጣዩ ክፍል እየወፈረና የመመለስ አቅሙ እያደገ ይሄዳል። ሐኪሙ በዚያን ጊዜ ያንን ክፍል የሚዘጋ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሊጨምር ይችላል። ሁለቱ ሲጣመሩ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን በጣም ስለሚያወርዱ በመጀመሪያው ሳምንት የደም ምርመራ ሳይደረግ መቀጠል የለበትም።

ሚዛን ካለዎት ጠዋት ሸንተው፣ ሳይበሉ፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘኑና ይጻፉት። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ እግርዎ እስኪያብጥ አይጠብቁ።

ከአራዳ፦ ለልብ ድካም ላዚክስና ስፓይሮኖላክቶን እወስዳለሁ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ስጾም ኪኒኑን መቼ ልውሰድ?

መልስ፦ ሁለቱንም የላዚክስ መጠን ከ9 ሰዓት በኋላ አጠጋግቶ መዋጥ ትክክል አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያስነሣል፣ ጠዋት ደግሞ ደም ሥርዎ ጎድሎ ሲቆሙ ያዞርዎታል። ጠዋት ላዚክስ ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ጠብታ ውኃ አለመቅመስም ከባድ ነው። አንጂዮቴንሲንና ውኃ የሚያስቀረው ሆርሞን ቫሶፕሬሲን አብረው ያሻቅባሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ኩላሊት ሲደክም በደም የሚጠራቀመው ክሪያቲኒን ከፍ ይላል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት፤ ከጾሙ በፊት ንስሐ አባትዎንም ሐኪምዎንም ያነጋግሩ። ብዙ ጊዜ የሚስማማው የጠዋቱን በጥቂት ጉንጭ ውኃ፣ ሁለተኛውን 9 ሰዓት ላይ ከምግብ በፊት መውሰድ ነው። ስፓይሮኖላክቶን በሰዓት አይወሰንም፤ ከምግብ ጋር ይውሰዱት። የጾም ምግብ ምስር፣ ሽሮ፣ ድንችና ጎመን ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው፤ ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ ፖታሲየም እንዳይወጣ ይይዛል። በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የፖታሲየምና የክሪያቲኒን ምርመራ ያድርጉ።

ከማራኪ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ሳምንት ጸበል ገብታ በቀን አራት አምስት ሊትር እየጠጣች፣ ቆሎና ጥሬ ብቻ እየቀመሰች ቆየች። ስትመለስ ራሷን ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል፤ ከትናንት ጀምሮ ቀኑን እየሳተች ነው። ጎረቤት «ደክማ ነው፣ ግሉኮስ ይሰካላት» ይላል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ የደም ሶዲየም (የጨው ዋና ማዕድን) እንዲለካ ይጠይቁ። ግሉኮሱን አያሰኩ። 5 በመቶ ግሉኮስ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳሩ ይቃጠልና የሚቀረው ባዶ ውኃ ነው፤ እናትዎን እያሳመማት ያለው ደግሞ የተረፈ ውኃ ይመስላል። ዕቃውን ሳይለዩ «ግሉኮስ» ማለት ስለተለመደ የተሰቀለው ምን እንደሆነ ከጠርሙሱ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሽንት ባዶ ውኃ ሆኖ አይወጣም። እያንዳንዱ ሊትር ቢያንስ 50 ሚሊኦስሞል ያህል የሟሟ ነገር፣ ማለትም ጨው፣ ፖታሲየምና ከፕሮቲን የሚገኝ ዩሪያ፣ ይዞ ይወጣል። ደህና የሚበላ ሰው በቀን ከ600 እስከ 900 ሚሊኦስሞል ስለሚያስወጣ 12 ሊትርና ከዚያም በላይ ውኃ ማስወገድ ይችላል። በቆሎና በጥሬ የሰነበተ ሰው ይህ ቁጥር 250 ቢደርስበት አቅሙ 5 ሊትር ላይ ይቆማል። እስከዚህ ድረስ እናትዎ ጠርዝ ላይ ነበረች።

ከጠርዙ የገፋት ኪኒኑ ነው። ሽንት የሚቀጥነው ጨው ከቱቦው ወጥቶ ውኃው እዚያው ሲቀር ነው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ከነዚህ የማቅጠኛ ክፍሎች አንዱን ይዘጋል። ሽንቷ በሊትር ከ150 ሚሊኦስሞል በታች መቅጠን ካልቻለ 250ው የሚበቃው ለ1.7 ሊትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የጠጣችው ደሟ ውስጥ ይቀርና ሶዲየሙን ያቀጥነዋል። በዚያ ላይ ኪኒኑ ጨው ስለሚያስወጣ ሰውነት እንደጎደለበት ቆጥሮ ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ቫሶፕሬሲን ይለቅቃል። ቫሶፕሬሲን በሰብሳቢው ቱቦ ላይ የውኃ መተላለፊያዎችን ይከፍታል፤ ውኃው ወደ ደም ይመለሳል።

ላዚክስ የበለጠ ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ይህን ችግር ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያነሰ የሚያመጣው ለምንድን ነው? ቫሶፕሬሲን ውኃ የሚመልሰው የኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል በጨው የጠነከረ ሲሆን ብቻ ነው። ያንን የሚያጠነክረው የሄንሌ ቀለበት ስለሆነ ላዚክስ ቀለበቱን ሲዘጋ የቫሶፕሬሲንንም ጉልበት አብሮ ይሰብራል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚሠራው ከዚያ አልፎ ስለሆነ ጥንካሬው አይነካም፤ ውኃው እንደልብ ይመለሳል። በብዛት የሚጎዱት በዕድሜ የገፉ ቀጫጭን ሴቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ። ካርባማዜፒን ወይም ለድብርት የሚሰጡ እንደ ፍሉዎክሴቲን ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎችም ቫሶፕሬሲናቸው ከፍ ስለሚል አደጋው ይጨምርባቸዋል።

ጤናማ ሶዲየም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ከ120 በታች ሲወርድ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይመጣል። ሆስፒታል ውስጥ ኪኒኑ ይቆማል፣ ውኃ ይገደባል፣ እንደ ሁኔታው የጨው ፈሳሽ ይሰጣል። ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ሶዲየሙ በፍጥነት ከፍ ማለት የለበትም። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 በላይ ከጨመረ የአንጎል ግንድ ሊጎዳና ሰውየው መናገርና መዋጥ ሊያቅተው ይችላል። ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ኩላሊቷ በድንገት ብዙ ቀጭን ሽንት ሊያስወጣ ስለሚችል ሶዲየሙ በራሱ በፍጥነት ከፍ ይላል፤ ሐኪሞች በየ4 እና በየ6 ሰዓቱ ደም የሚወስዱት ያንን ለመያዝ ስለሆነ «ደሟን ጨረሱት» ብላችሁ አትከልክሏቸው። ቤት ውስጥም ጨው በማንኪያ አታብሏት፤ ግራ የገባው ሰው ትን ይለዋል።

ጸበሉን ይተዉ አንልም። መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ግን ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያሳውቁ፤ መጠመቁ ምንም አይከለክልም፣ የሚጠጣው በጥም ልክ ይሁን፣ ምግብ ደግሞ አይቋረጥ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የጀመረ አረጋዊ በ2 ሳምንት ውስጥ ሶዲየሙ ሊለካ ይገባል። እናትዎ ካገገመች በኋላ ይህ መድኃኒት ዳግመኛ አይጀመርላት፤ ካርዷ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

ከፒያሳ፦ ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና ኪኒን እወስዳለሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ ዲክሎፌናክ ገዝቼ እውጣለሁ፤ አንዳንዴም መርፌውን እወጋለሁ። ግፊቴ አልወርድ አለ።

መልስ፦ ዲክሎፌናክ ይቁም። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባው ቀጭን የደም ሥር በችግር ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በፕሮስታግላንዲን ነው፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ፕሮስታግላንዲንን ያቋርጣሉ። የሚያስወጣው የደም ሥር ደግሞ ጠበብ ብሎ ግፊቱን የሚጠብቀው በአንጂዮቴንሲን ነው፤ ኢናላፕሪል ያንን ያላላል። የሚያሸናው ኪኒን የደሙን መጠን ይቀንሳል። መግቢያው ጠብቦ፣ መውጫው ሰፍቶ፣ ደሙ አንሶ ማጣሪያው ግፊት ያጣና ሥራ ያቆማል። ሦስቱ ሲገናኙ፣ በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረ፣ ጤነኛ የነበረ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ግፊትዎ አልወርድ ያለውም ፕሮስታግላንዲን ሲቀንስ ኩላሊት ጨው ስለሚይዝ ነው፤ ዲክሎፌናክ የሚያሸናውን ኪኒን ሥራ ያፈርሳል። መርፌውም ከኪኒኑ አይለይም።

ለጉልበት ፓራሲታሞል 1 ግራም በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ የጉበት ሕመም ከሌለብዎት፣ ይሻላል። የሚቀባው ዲክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ አደጋው ያነሰ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎት ኢናላፕሪሉንና የሚያሸናውን እስኪሻልዎት ማቆም የተለመደ ምክር ነው፤ መብላትና መጠጣት ከጀመሩ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይቀጥላሉ፤ ይህን አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ኢናላፕሪል ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ይታይ። ክሪያቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ከዚያ ካለፈ ወይም ፖታሲየም ከ5.5 በላይ ከሆነ ግን ሐኪሙ መወሰን አለበት። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ኢናላፕሪል መውሰድ የለባትም።

ከመተማ፦ ወንድሜ በሰሊጥ አጨዳ ላይ ካላዛር ይዞት ጎንደር ተኝቷል። አምፎቴሪሲን ሲሰጡት በፊት ሌላ ፈሳሽ ይሰጡታል፣ ፖታሲየም እያሉ ደም ይወስዱበታል። በሽታው የጉበትና የጣፊያ ሆኖ ኩላሊቱን ለምን ይነካካሉ?

መልስ፦ በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ኩላሊትን ስለሚነካ ነው። አምፎቴሪሲን ካላዛርን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ የሚገድለው ሽፋኑን በመብሳት ነው፤ በመጠኑ የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳትንም ይበሳል። ፖታሲየምና ማግኒዚየም በቀዳዳው ወደ ሽንት ያመልጣሉ። በስብ የተሸፈነው የአምፎቴሪሲን ዓይነት፣ አምቢዞም፣ ጉዳቱ ከጥንቱ ያነሰ ነው፤ ክትትል ግን ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን የደም ሥርም ያጠብባል፤ አስቀድሞ የሚሰጠው የጨው ፈሳሽ ይህን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። አምቢዞም ከጨው ፈሳሽ ጋር ከተገናኘ ይበላሻል፤ የሚቀጠነው በ5 በመቶ ግሉኮስ ነው። ነርሷ ጨው ፈሳሹን ካስጨረሰች በኋላ ቱቦውን በግሉኮስ ታጥባለች፣ ከዚያ አምቢዞሙን ታስገባለች። ስለዚህ አስታማሚ ጠርሙስ አልቋል ብሎ በራሱ መቀየር የለበትም።

ፖታሲየሙ እየተሰጠው ከፍ ካላለ ማግኒዚየም ይታይለት። ማግኒዚየም የቱቦ ሕዋስ ውስጥ ሆኖ የፖታሲየምን መውጫ ይይዛል፤ እሱ ከጎደለ የሚሰጠው ፖታሲየም ሁሉ በሽንት ያልፋል። ፖታሲየም በክንድ ደም ሥር ሲሰጥ በሰዓት ከ10 ሚሊሞል አይበልጥም፤ በመርፌ በቀጥታ ከተገፋ ልብ ያቆማል። «ቶሎ ይለቀቅለት» ብላችሁ የጠብታውን መቆጣጠሪያ አትንኩ። የእግር ጡንቻ መዛል፣ የሆድ መነፋት ወይም የልብ መዘባረቅ ካለው ወዲያው ይነገር።

ከቀበሌ 18፦ ለደም ግፊት አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም ከጀመርኩ ወዲህ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል። ላዚክስ ገዝቼ ብወስድስ?

መልስ፦ አይውሰዱ። ይህ እብጠት ኩላሊት ጨው ስለያዘ የመጣ አይደለም። አምሎዲፒን ደም የሚያመጡትን ትናንሽ ሥሮች ሲያሰፋ የሚመልሱት ስለማይሰፉ ፈሳሽ ቁርጭምጭሚት ላይ ይንጠባጠባል። ላዚክስ ብዙ አይረዳውም፤ ፖታሲየምዎን ግን ያወርዳል። መጠኑ ወደ 5 ሲወርድ ወይም ኢናላፕሪል ሲጨመር ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ፊትዎ ካበጠ ወይም ያበጠው አንድ እግር ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ስለሆነ ይታዩ።

ከአይራ፦ የጉበት ሕመም አለብኝ፣ ሆዴ ውኃ ቋጥሯል። ስፓይሮኖላክቶን 100 እና ላዚክስ 40 ታዝዞልኛል። ሁለት ቀን ወስጄ ለውጥ አላየሁም፤ የወሰዱ ሰዎች ደግሞ ጡት ያሳምማል ይላሉ።

መልስ፦ ስፓይሮኖላክቶን አልዶስቴሮን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል እንጂ ቀድሞ የተሠሩትን የጨው መመለሻዎች አያጠፋም፤ እነሱ እስኪያረጁ 2 እና 3 ቀን ይፈጃል። በጉበት ሕመም አልዶስቴሮን በጣም ከፍ ስለሚል ዋናው መድኃኒት እሱ ነው፤ ላዚክሱ ረዳት ነው። 100 ለ40 የሆነው አንዱ ፖታሲየም ሲይዝ ሌላው ስለሚያስወጣ እንዲመጣጠን ነው፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ አያቋርጡ። የወንድ ጡት ማሳመሙ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ የወንድ ሆርሞን የሚቀመጥበትንም ቦታ ስለሚነካ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም አሚሎራይድ ከተገኘ ሊተካው ይችላል። ዕለት ዕለት ይመዘኑ፤ እግርዎ ካላበጠ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ ካበጠ ደግሞ ከ1 ኪሎ በላይ መጉደል የለበትም። ከዚያ ፈጥኖ ከጎደለ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለዎትና ቃል ከጠፋብዎት፣ ሁለቱንም ኪኒን አቁመው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።